ማን ነው የለመደው?

ስለ ሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና መድኃኒት ስለማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ለሕዝብ የተደረገ ንግግር

ከሥራ ውላችሁ፣ የታክሲውን ሰልፍ ታግሣችሁ፣ ስለ ሽንት የሚያወራ ሰው ለመስማት መምጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። አንድ ወዳጄ የዛሬውን ማስታወቂያ አይቶ «ከዚህ የተሻለ ርዕስ አጣህ?» ብሎኛል። አላጣሁም። እንጀራዬ የመጣው ከሽንት ናሙና ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕድሜውን ለፈጀ ሰው እንደ ሽንት ብዙ የሚያጫውት ነገር ጥቂት ነው። ደግሞስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

የምሽቱ ጨዋታዬ በአንዲት ቃል ዙሪያ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ጎረቤታችን፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት፣ በር ላይ ጠበቁኝና «ልጄ፣ ሽንቴን ሲያቃጥለኝ ሰነበተ። ሲፕሮውን ሰውነቴ ለምዶታል መሰለኝ፤ ሌላ ጠንከር ያለ ንገረኝ» አሉኝ። ሲፕሮ የሚሉት ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ነው። «ለመደው» የምትለዋን ቃል ከእሳቸው በፊትም በኋላም ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ከሐኪሞች አፍም ጭምር። ቃሏ ነገሩን የገለጸች ትመስላለች። ነገር ግን ሁለት ስሕተት ተሸክማለች፦ አንዱ የለመደው ማን እንደሆነ፣ ሁለተኛው እንዴት እንደለመደ። አስቀድሜ ስለ በሽታው ጥቂት እላለሁ፤ ከዚያ ሁለቱን ስሕተቶች በየተራ እፈታቸዋለሁ፤ በመጨረሻ ወደ መድኃኒት ቤቶቻችንና ወደ ጎረቤቴ እመለሳለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሽንት ማቃጠልን ስናስረዳ ኖረናል። ብርድ ነው እንላለን፤ የጋለ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነው እንላለን፤ በልጅነታችን ደግሞ ወደ ጨረቃ ዞሮ የሸና ሰው ጉዱ ይፈላል ይሉን ነበር። ጨረቃዋ ነፃ ናት። ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ውስጥ ከሦስት አራተኛ የማያንሰውን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ ጀርመናዊ የሕፃናት ሐኪም በ1885 ሙኒክ ውስጥ ከሕፃናት ዓይነ ምድር ለይቶ አገኘው፤ «ኢ» የምትለው ፊደል የእሱ ስም መታሰቢያ ናት። ይህ ባክቴሪያ የእኛው የአንጀት ነዋሪ ነው። እዚያ እያለ ለአብዛኛው ሰው ሰላማዊ ጎረቤት ነው። ችግሩ የሚነሣው ጥቂት መንገድ ተጉዞ ወደ ሽንት መውጫ ሲገባ ነው። በሴቶች ቧንቧው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው፤ በወንዶች ሃያ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በዚህ በሽታ የሚያዙት ለዚህ ነው፤ ስለዚህ ሚስቱን ወይም እህቱን በጥርጣሬ ዓይን የሚያይ ካለ ዓይኑን ይመልስ።

ሽንት በየጊዜው እየወረደ ያጥባል፤ ታዲያ ባክቴሪያው እንዴት አይወሰድም? ገላው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ዘንጎች አሉት፤ ጫፋቸው የፊኛችን ግድግዳ ላይ ያለውን ስኳር ሲያገኝ እንደ ጭጎጎት ይጣበቃል። ከዚያ መራባት ነው። ምቹ ሁኔታ ካገኘ በየሃያ ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። ፊኛ ላይ ብቻ ካለ ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ ማጣደፍ ነው፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ውጋት ከመጣ ግን ወደ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ነውና ያን ጊዜ ጉዳዩ የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተት ልግባ፤ ማን ለመደ? «ሰውነቴ ለምዶታል» ስንል ከቡና የተማርነውን ነው የምንናገረው። ቡና የለመደ ሰው አንድ ቀን ሲቀርበት ራሱን ይፈልጠዋል፤ እዚያ በእርግጥ የለመደው ሰውነት ነው። አንቲባዮቲክ ግን ከእኛ ሰውነት ጋር ጉዳይ የለውም። የተላከው ወደ ባክቴሪያው ነው። አልበገር ያለውም ባክቴሪያው እንጂ የጎረቤቴ ሰውነት አይደለም።

የቃላት ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ መዘዙ ብዙ ነው። የለመደው የእኔ ሰውነት ከሆነ ችግሩ የእኔ ብቻ ነው፤ ክኒን አብዝቼ የዋጥሁ እኔ እከፍላለሁ፣ ያልዋጠው ጎረቤቴ ይድናል። ባክቴሪያው ከሆነ ግን ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። በእጅ፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በውሃ፣ በሆስፒታል አልጋ ይተላለፋል። በሕይወቱ አንዲት ካፕሱል ያልዋጠ ሰው በመጀመሪያ ሕመሙ መድኃኒት የማይመልሰውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ውጤት አንብቤ ለሐኪም ስልክ የደወልሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። በ2008 ስዊድን ውስጥ ከአንድ ታማሚ ሽንት አንድ ባክቴሪያ ተለየ፤ ክሌብሴላ ይባላል፣ የኢ. ኮላይ የአጎት ልጅ ነው። ታማሚው ከዚያ በፊት ኒው ዴልሂ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ባክቴሪያው ካርባፔኔም የሚባሉትን፣ ሐኪሞች ለመጨረሻ የሚያስቀምጧቸውን መድኃኒቶች ሳይቀር የሚያፈርስ ኢንዛይም ይዞ ተገኘ። ኢንዛይሙ በከተማይቱ ስም ኤንዲኤም ተባለ፤ ሕንዶች በስያሜው በጣም ተቆጡ፣ እውነት ለመናገር አልፈርድባቸውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየአህጉሩ ተገኘ። ፓስፖርት የያዘው ሰው ነው፤ ባክቴሪያው የሚጓዘው በሰውየው አንጀት ነው።

አንጀትን ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ልጨምር። የሽንት ባክቴሪያ መነሻው አንጀት ነው ብያለሁ። ለጉሮሮ ሕመም የዋጥናት አሞክሳሲሊን ወደ ጉሮሮ ብቻ አትሄድም፤ አንጀትንም ታዳርሳለች። እዚያ በሰላም የተቀመጠውን ኢ. ኮላይ እየመነጠረች የማይሞተውን ትታ ትወጣለች። ጉሮሮው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቫይረስ የታመመ ነው፤ ለቫይረስ አሞክሳሲሊን ምኑም አይደለችም። ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ ሽንት ሲያቃጥል ወደ ፊኛ የሚወጣው ያ ተመርጦ የቀረው ነው። ሰውየው የጉሮሮውንና የሽንቱን ነገር አያገናኛቸውም፤ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለነው ግን ሽንቱ ላይ የጉሮሮውን ታሪክ እናነባለን ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ እንዴት ለመደ? መልመድ ስንል ውሻ እንግዳን ሲለምድ፣ በሬ ቀንበር ሲለምድ እናስባለን። መጀመሪያ ይፈራል፣ ይሸሻል፣ ቀስ እያለ ይቀበላል። ባክቴሪያውም እንዲሁ ክኒኑን ደጋግሞ እየቀመሰ የተላመደው ይመስለናል። ሳይንቲስቶችም ራሳቸው ለብዙ ጊዜ ተከራክረውበታል። ክርክሩን ከዘጉት ሙከራዎች መካከል አንዱ በእኛ ቋንቋ ለመተረክ የሚመች ነው፤ መሣሪያው ከፋይ ጨርቅ ነውና። እናቶቻችን ለክት የሚያስቀምጡት ያ ለስላሳ ጨርቅ።

ጆሹዋ ሌደርበርግና ባለቤቱ ኤስተር ሌደርበርግ በ1952 ያሳተሙት ሙከራ እንዲህ ነው። መድኃኒት በሌለበት ሰሐን ላይ ኢ. ኮላይን አራቡ፤ ባክቴሪያው እንደ ነጠብጣብ ተበትኖ በቀለ። ከዚያ ክብ እንጨት ላይ የተወጠረ ከፋይ ሰሐኑ ላይ እንደ ማኅተም አሳረፉ። የከፋዩ ፀጉሮች ከየነጠብጣቡ ጥቂት ጥቂት ባክቴሪያ አነሡ። ማኅተሙን ወስደው ስትሬፕቶማይሲን የተጨመረባቸው ሌሎች ሰሐኖች ላይ አተሙት። በነዚያ ሰሐኖች ላይ ከብዛቱ ሁሉ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው፤ የተረፉትም ከሰሐን ሰሐን በዚያው ቦታ ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። ወደ መጀመሪያው ሰሐን ተመለሱ፤ መድኃኒት ወደ አልነካው፣ ሽታውን እንኳ ወደማያውቀው ማለት ነው። በዚያው ቦታ ካለው ነጠብጣብ ወስደው ሲያራቡት መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ እዚያም አለ። መድኃኒቱን ከማየቱ በፊትም እንዲሁ ነበር። ምንም አልለመደም።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህን ሙከራ ስሰማ ለአንድ ሳምንት አልወጣልኝም ነበር። የሚናገረው ነገር ቀላል ነው፦ መድኃኒቱ አላስተማረም፣ መረጠ። ሂሳቡን በሽንት እንሥራው። ኤድዋርድ ካስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1950ዎቹ ባወጣው መስፈርት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 100,000 ባክቴሪያ ሲገኝ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ይታሰባል። ፊኛ ውስጥ 300 ሚሊ ሊትር ሽንት ቢኖር፣ በዚህ ትንሹ መጠን እንኳ 30 ሚሊዮን ባክቴሪያ ነው፤ ሕመሙ በጠና ሰው ላይ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ባክቴሪያ ሲራባ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥ ደግሞ አንዳንዴ ይሳሳታል። ከብዙ ሚሊዮኖች መካከል አንዱ ስሕተቱ ጠቅሞት ይወለዳል። ሲፕሮ የምትይዘው የባክቴሪያው ክፍል ቅርጹ ጥቂት ተዛንፎ ክኒኗ ሳትይዘው ትቀራለች። ያ አንዱ ከክኒኑ በፊት ከብዙኃኑ ጋር እየተሻማ የሚኖር ምንም ያልሆነ ፍጥረት ነበር። ክኒኑ መጥቶ ብዙኃኑን ሲጠርግ ቤቱ ሁሉ የእሱ ሆነ። በየሃያ ደቂቃው እጥፍ።

ግን ስሕተት እስኪፈጠር መጠበቅ ለባክቴሪያ እንኳ ዘገምተኛ መንገድ ነው። ፈጣኑ መንገድ መበደር ነው። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተቅማጥ ባክቴሪያ የሆነው ሺጌላ በአንድ ጊዜ በአራት መድኃኒት አልመለስ ማለት ጀመረ፤ ሰልፋ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮልና ቴትራሳይክሊን። በተራ ስሕተት አራቱም በአንድ ላይ ይመጣሉ ማለት ሎተሪ አራት ጊዜ ተከታትሎ እንደ መውጣት ነው። በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች ምሥጢሩን አገኙት፤ አራቱ የማይበግሩትን ኢ. ኮላይና የሚሞተውን ሺጌላ በአንድ ጠርሙስ ሲቀላቅሏቸው፣ ሺጌላውም አራቱ የማይበግሩት ሆኖ ወጣ። ኢ. ኮላይ አውርሶታል። የውርሱ ሰነድ ፕላዝሚድ የሚባል ክብ የዲኤንኤ ቀለበት ነው፤ ባክቴሪያዎች ገላ ለገላ ተነካክተው ቅጂውን ይሰጣጣሉ፤ ዘመድ መሆን እንኳ አያስፈልጋቸውም። የሰጠው ሳይደኸይ የተቀበለው ይከብራል። እንዲህ ያለ ዕቁብ ሰው አልሠራም።

ብድሩ የሚጀምረው ከየት እንደሆነ ደግሞ ስሙ። ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1940 መጨረሻ ነው፤ ኤድዋርድ ኤብርሃምና ኧርንስት ቼይን ኦክስፎርድ ውስጥ ከባክቴሪያ አውጥተው ጻፉት። ፔኒሲሊን በመርፌ ለታማሚ መሰጠት የጀመረው በ1941 መጀመሪያ ነው። ይህ ማለት መድኃኒቱ ታማሚ ጋር ሳይደርስ ማርከሻው ታውቆ ነበር። ማርከሻው የተገኘበት ባክቴሪያስ? ያው ኢ. ኮላይ። ከዚያ በ1961 የፔኒሲሊን ልጅ የሆነው አምፒሲሊን ገበያ ላይ ዋለ፤ ኢ. ኮላይን የሚገድል ስለሆነ በሽንት ሕመም ተመራጭ ሆነ። በ1965 አቴና ውስጥ ከአንድ ታማሚ የተወሰደ ኢ. ኮላይ አምፒሲሊንን የሚበላ፣ በፕላዝሚድ ላይ የተቀመጠ ኢንዛይም ይዞ መገኘቱ ተጻፈ። አራት ዓመት። የኢንዛይሙን ስም ከታማሚው ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ወስደው ቴም አሉት። ዛሬ ዓለምን ከዳር እስከ ዳር የሞላው እሱና ዘሮቹ ናቸው።

አንድ ነገር ከመንገዴ ወጣ ብዬ ልንገራችሁ፤ ለወባ አገር ሰው ይጥማል። ሲፕሮ የመጣችበት የመድኃኒት ቤተሰብ አባት ናሊዲክሲክ አሲድ ይባላል፤ በ1962 የተገለጸ ነው። የተወለደው ደግሞ የወባውን ክሎሮኪን ሲያመርቱ ከተረፈ ዝቃጭ ውስጥ ነው። ባክቴሪያ እንደሚገድል ታየና ለሽንት ሕመም ዋለ። አንዳንዱ ጥሩ ነገር የሚገኘው ከዕጣቢ ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን ልመለስ። በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳና በአዲስ አበባ ከሽንት የተገኘ ኢ. ኮላይ ተመርምሮ የታተሙ ጥናቶች አሉ፤ ቁጥሮቻቸው ይለያያሉ፣ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባክቴሪያ አምፒሲሊንን አይሰማም። አገሪቱ የመጀመሪያውን የመከላከያ ስትራቴጂ ያወጣችው በ2011 ነው፤ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከ2017 ጀምሮ ከተመረጡ ላቦራቶሪዎች መረጃ ይሰበስባል። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥም ደንብ አለ። ደንቡና ባንኮኒው ግን ብዙም አይተዋወቁም።

ባንኮኒው ላይ የሚቆመውን ሰው መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አልወቅሰውም። የቀን ሥራውን ትቶ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ካርድ ማውጫው ግማሽ ቀን ይወስድበታል። ምርመራው በአብዛኛው ማይክሮስኮፕ ነው፤ «መግል ታይቷል» ይባላል እንጂ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚመልሰው የሚናገረው የካልቸር ምርመራ በብዙ ቦታ የለም። ያለበትም ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መጀመሪያ ባክቴሪያው መብቀል አለበት፣ ቀጥሎ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች አጠገቡ ተቀምጠው የትኛው ዙሪያውን እንዳጸዳ ይለካል። ያ ሰው ታዲያ ሐኪሙም ገምቶ የሚያዝለት ከሆነ፣ ራሴ ገምቼ ልግዛ ቢል ምን ይደንቃል? አሥር ፍሬ መግዣ ስለሌለው አራት ፍሬ ይገዛል። ማቃጠሉ ሲተወው ሁለቱን ያስቀምጣል። የምቆረቆረው ለእነዚያ ሁለት ፍሬዎች ነው።

«መድኃኒት ጀምረህ ሳትጨርስ አታቋርጥ» የሚለውን ምክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። የረዘመ ሕክምና ሁሉ የተሻለ አይደለም። ተራ የፊኛ ኢንፌክሽን ላይ ናይትሮፉራንቶይን አምስት ቀን፣ ኮትሪሞክሳዞል ሦስት ቀን ይበቃል፤ ፎስፎማይሲን የሚወሰደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከሚገባው በላይ በዋጥን ቁጥር አንጀት ውስጥ ያለውን ያለ ጥፋቱ እንመነጥራለን። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ያልታመመን ማከም ነው። በተለይ አረጋውያን ሳያቃጥላቸው፣ ሳያጣድፋቸው ሽንታቸው ላይ ባክቴሪያ ሊገኝ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ካልሆነች ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ካልተያዘለት በቀር እንዲህ ያለው ሰው አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ውጤት ላይ «ባክቴሪያ ተገኝቷል» የሚል ቃል አይቶ ዝም ማለት ለሐኪምም ለታማሚም ከባድ ነው። ዝም ማለት ግን አንዳንዴ ሕክምና ነው።

የሽንት መስጫ ብልቃጧንም አልረሳኋትም። ናሙና ስትሰጡ የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሱት፤ መሐሉን ያዙ። የመጀመሪያው የቆዳውን ባክቴሪያ ይዞ ይወርዳልና ላቦራቶሪውን ያሳስታል። ከሁለት ሰዓት በላይ በቦርሳ ይዛችሁ አትዙሩ፤ በየሃያ ደቂቃው እጥፍ ይሆናል ያልኳችሁ ባክቴሪያ ብልቃጥ ውስጥም ሥራ አይፈታም፤ ጤነኛውን ሰው ታማሚ አድርጎ ያስቆጥረዋል።

ጎረቤቴን ወደ ላቦራቶሪ ይዣቸው ሄድሁ። እኔ ጠንከር ያለ መድኃኒት አልነገርኳቸውም፤ ናሙና አስሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ወጣ፦ ኢ. ኮላይ፤ አምፒሲሊን አይመልሰውም፣ ኮትሪሞክሳዞል አይመልሰውም፣ ሲፕሮ አትመልሰውም፤ ናይትሮፉራንቶይን ይመልሰዋል። ይህ መድኃኒት ለሕክምና የዋለው በ1953 ነው፤ ጎረቤቴ ገና አልተወለዱም ነበር። ሰባ ዓመት አልፎት እስካሁን የሚሠራበት ምክንያት አለው። ባክቴሪያውን በአንድ በኩል ሳይሆን በብዙ በኩል ስለሚመታው አንዲት ስሕተት አታስመልጠውም፤ ደግሞም ተሰብስቦ የሚገኘው ሽንት ውስጥ ስለሆነ ሌላውን የሰውነት ክፍል ብዙም አይነካም። በዚያው ምክንያት ኩላሊት ድረስ ለወጣ ኢንፌክሽን አይሆንም። ሐኪሙ የአምስት ቀን ጻፈላቸው። ዋጋውን ሲሰሙ ቅር አላቸው፤ «ይሄን ርካሹን ነው? ጠንካራውን አላልኩህም?» አሉኝ። ከቤታቸው በር ላይ ቆሜ ስለ ከፋዩ፣ ስለ ጃፓኑ፣ ስለ አንጀቱ ሁሉ፣ ዛሬ ለእናንተ ያወራሁትን ያህል አወራሁላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ መረቁኝም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ማቃጠሉ ድራሹ ጠፋ» አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሁለት ቀን ተርፎኛል፤ ለልጄ አስቀምጥላት ወይ? እሷም አንዳንዴ ያማታል» አሉኝ።